የቀረኝ ጽሑፉ ብቻ ነው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የቢዝነስ ዶክትሬት በኦንላይን ለመማር ስላሰቡ ሰዎች ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የትምህርት ወሬ ሲነሣ አንድ ንግግር ይደጋገማል፤ «ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ጽሑፉ ብቻ ነው።» ተናጋሪው ብዙ ጊዜ አርባዎቹን የተሻገረ፣ በባንክ ወይም በድርጅት ውስጥ ኃላፊነት ያለው፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚያጠና ሰው ነው። በዓመቱ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው። በሁለተኛው ዓመት ጠያቂውም ማፈር ይጀምራል፤ እሱም ወሬውን ማንሣት ይተዋል።

ያ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ሰው እስከዚያ አይደርስም። ችግሩ ያለው «ብቻ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ማስተርስ የተማረ ሰው ዶክትሬትንም በለመደው መንገድ ያሰላዋል፤ ይህን ያህል ኮርስ፣ ይህን ያህል ክሬዲት፣ ከዚያ ምርቃት። በዶክትሬት ግን ኮርሶቹ መንደርደሪያ ናቸው። ዲግሪው የሚሰጠው ገና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ይዞ፣ መረጃ ሰብስቦ፣ ተንትኖ፣ ጽፎ፣ በመርማሪዎች ዓይን አልፎ ለወጣ ሰው ነው። የአሜሪካና የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያሰባስበው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ፒኤችዲ ከጀመሩት ተማሪዎች መካከል በ10 ዓመት ውስጥ የጨረሱት 57 ከመቶ ነበሩ። እነዚህ በአብዛኛው ግቢ ውስጥ ውለው የሚያድሩ፣ ፕሮፌሰራቸውን በየኮሪደሩ የሚያገኙ ተማሪዎች ናቸው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ በስክሪን ብቻ የሚማር ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ ይጠብቀዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የዚህ ዝግጅት ምክርም ከዚሁ ይነሣል። የኦንላይን ዶክትሬት ሲመረጥ ከመጨረሻው ተጀምሮ ወደ ኋላ መታየት አለበት። ማስታወቂያዎቹ ስለ መግቢያው ይናገራሉ፤ የመግቢያ ፈተና የለም፣ በፈለጉት ጊዜ ይጀምሩ፣ ሥራዎን ሳይለቁ ይማሩ። ገንዘቡም ዕድሜውም የሚያልቀው ግን መውጫው ላይ ነው።

ሁለት የታወቁ ጉዳዮች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። የመጀመሪያው በአሪዞና፣ ፎኒክስ የሚገኘው የግራንድ ካንየን ዩኒቨርሲቲ ነው። የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2023 መገባደጃ ላይ በዩኒቨርሲቲው ላይ የ37.7 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወሰነ። ክሱ ዩኒቨርሲቲው ከ7,500 በላይ ለሆኑ የቀድሞና የወቅቱ የዶክትሬት ተማሪዎች ስለ ወጪው የተሳሳተ መረጃ ሰጥቷል የሚል ነበር። መሥሪያ ቤቱ እንዳለው በማስታወቂያ በተነገረው ወጪ፣ ማለትም በ40,000 እና በ49,000 ዶላር መካከል የጨረሱት ተመራቂዎች ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ወደ 78 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ጽሑፋቸው እስኪያልቅ በሚወስዷቸው ተጨማሪ ኮርሶች ምክንያት ከ10,000 እስከ 12,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከፍለዋል። ዩኒቨርሲቲው ክሱን ከመጀመሪያው አስተባብሏል፤ ቅጣቱም በ2025 ግንቦት ላይ ተነሥቷል። ስለዚህ ጥፋተኛ ማን እንደሆነ መበየን የዚህ ዝግጅት ሥራ አይደለም። ለአድማጭ የሚጠቅመው የገንዘቡ አካሄድ ነው፤ ተጨማሪው ክፍያ የመጣው ተማሪው «የቀረኝ ጽሑፉ ብቻ ነው» ማለት ከጀመረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከቢዝነስ ዶክትሬት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ዋልደን ዩኒቨርሲቲ በ1970 የተመሠረተና ለብዙ ዓመታት በኦንላይን ያስተማረ ተቋም ነው። በጥር 2022 በሜሪላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ከሰሱት። የክሱ ፍሬ ነገር ዩኒቨርሲቲው ጥቁሮችንና ሴቶችን ለይቶ በማስታወቂያ እየሳበ፣ በቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬቱ የመጨረሻው ጽሑፍ የሚጠይቀውን ክሬዲትና ወጪ አሳንሶ ነግሯቸዋል የሚል ነበር። ጉዳዩ በ2024 በ28.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲው ጥፋት መፈጸሙን አላመነም፤ ሆኖም የዶክትሬት ፕሮግራሞቹን አማካይ ወጪና ጊዜ በድረ ገጹ ለማሳየት ተስማምቷል።

ሁለቱም ተቋማት ሕጋዊ ዕውቅና ያላቸው ናቸው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ዕውቅናውን ካረጋገጠ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ጊዜውና ገንዘቡ እንዴት እንደሚበላ በቅርብ ለማየት አንድ ስሌት እንውሰድ። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የሒሳብ ባለሙያ የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ አንድ ሰኞ ማታ ለአማካሪው ላከ እንበል። ትምህርት ቤቱ ለአማካሪው አስተያየት 14 ቀን ይፈቅዳል። አማካሪው ካሳለፈው በኋላ ጽሑፉን ከሚገመግመው ኮሚቴ ለሁለተኛው አባል ይሄዳል፤ ሌላ 14 ቀን። ከዚያ ሦስተኛው ያነባል፤ ሌላ 14 ቀን። አንድ ዙር 42 ቀን ፈጀ። ተርሙ የ8 ሳምንት ከሆነ ያለው 56 ቀን ነው። ተማሪው የሦስቱንም አስተያየት አርሞ ለመመለስ የቀረው 14 ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በግብር ወቅት፣ ቢሮው በሥራ በተጨናነቀበት ሰሞን ሊውል ይችላል። አዲስ ተርም ሲከፈት አዲስ ክፍያ ይመጣል። ክፍያው 3 ክሬዲት በ1,000 ዶላር ሒሳብ ቢሆን በተርም 3,000 ዶላር ነው። ጽሑፉ እንደተለመደው 5 ምዕራፍ ኖሮት እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ቢዞር 10 ተርም ይሆናል፤ 30,000 ዶላርና 80 ሳምንት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም አላጠፋም። አማካሪው በቀኑ መልሷል፣ ተማሪውም በቀኑ አርሟል።

ስለዚህ ለመመዝገብ የሚደውል ሰው የክሬዲቱን ዋጋ ጠይቆ ስልኩን መዝጋት የለበትም። አስተያየት በስንት ቀን ይሰጣል? የኮሚቴው አባላት በየተራ ነው የሚያነቡት ወይስ በአንድ ጊዜ? ኮርስ ካለቀ በኋላ በየተርሙ የሚከፈለው ስንት ነው? ይህ ክፍያ ጣሪያ አለው? ከዛሬ ስምንት ዓመት በፊት በዚህ ፕሮግራም ከገቡት ስንቱ ተመርቀዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልስ የቅበላ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ሆኖም መልሱን በጽሑፍ የሚልክ ትምህርት ቤት በሥራው የሚተማመን ነው፤ ይህም ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ከዚያ ወደ አማካሪው እንምጣ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነውና። በተለመደው ፒኤችዲ ተማሪ የሚገባው የአንድን ፕሮፌሰር ሥራ አውቆ፣ አብሮት ለመሥራት ፈልጎ ነው። በብዙ የኦንላይን ፕሮግራሞች ግን ተማሪው ኮርሱን ጨርሶ እስኪደርስ አማካሪው ማን እንደሆነ አያውቅም። የሚመደብለት ሰው የሌላ ተቋም ሠራተኛ ሆኖ በትርፍ ሰዓቱ የሚያማክር ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ በሥራ ዓለም የበሰለ ሰው ለቢዝነስ ተማሪ ብዙ ይጠቅማል። ጥያቄው ስንት ተማሪ ይዟል፣ በምን ዘርፍ ጽፏል፣ ከተቋሙ ቢለቅ ተማሪው ምን ይሆናል የሚለው ነው። አማካሪ መሀል ላይ ሲቀየር አዲሱ ሰው ርዕሱን ካልወደደው ተማሪው ወደ ምዕራፍ አንድ ሊመለስ ይችላል። የመምህራኑን ስም ከድረ ገጹ ወስዶ በጉግል ስኮላር መፈለግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በቅርብ ዓመታት ምንም ያልጻፈ አማካሪ ሌላውን እንዲጽፍ መርዳት ይቸግረዋል።

ርዕስና መረጃም አብረው መታሰብ አለባቸው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰው መረጃ የሚሰበስብ ጥናት ሁሉ መጀመሪያ በጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። ኮሚቴው ደግሞ ብዙ ጊዜ መረጃው የሚሰበሰብበትን ድርጅት ፈቃድ በደብዳቤ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ባንኮች ብድር አመላለስ ሊያጠና ያሰበ ሰው ይህን ደብዳቤ ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደሚመላለስ ያውቀዋል። ማኅተም ያለው ወረቀት እስኪመጣ ተርሙ ይቆጥራል፤ ሒሳቡም ይቆጥራል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲመክሩ መረጃው በእጅ ሳይገባ፣ ወይም ቢያንስ የፈቃዱ ተስፋ ሳይረጋገጥ ርዕስ አይወደድም ይላሉ። በዚህ ረገድ በሥራ ላይ ያለ ሰው ከሙሉ ጊዜ ተማሪ የተሻለ ዕድል አለው። የሚሠራበት መጋዘን፣ የሚያስተዳድረው ቅርንጫፍ፣ የሚያውቃቸው ላኪዎች የጥናቱ መስክ ሊሆኑለት ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ የሚያከራክረው የስም ነገር አለ፤ ዲቢኤ ወይስ ፒኤችዲ? ዲቢኤ ማለት የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት ነው። ከፒኤችዲ ያነሰ አድርገው የሚያዩት አሉ፤ ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በ1908 የተመሠረተው የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የሰጠው ዶክትሬት ዲቢኤ ነበር። ታላላቅ የቢዝነስ ምሁራንን በዚህ ስም ካስመረቀ በኋላ ነው ከ2018 ጀምሮ ወደ ፒኤችዲ የቀየረው። ዛሬ ዲቢኤ በአብዛኛው በሥራ ላይ ላለ ኃላፊ የሚሰጥ፣ ከሥራው የመነጨን ችግር በጥናት ዘዴ የሚፈትሽበት ዶክትሬት ነው። ፒኤችዲው ወደ ንድፈ ሐሳብና ወደ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት ያዘነብላል።

ልዩነቱ በኪስ ላይ ይበረታል። በአሜሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የሙሉ ጊዜ የቢዝነስ ፒኤችዲ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ እንዲያውም በረዳት መምህርነትና በምርምር ሥራ የኑሮ አበል ያገኛል። የኦንላይን ዲቢኤ ተማሪ ከራሱ ይከፍላል። ሕልሙ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር መሆን የሆነ፣ ዕድሜውና የቤተሰቡ ሁኔታ የሚፈቅድለት ወጣት ገንዘቡን በኦንላይን ፕሮግራም ከማፍሰሱ በፊት ይህን በር ቢያንኳኳ ይሻለዋል። ውድድሩ ከባድ ነው። ቢሆንም ሳይሞክሩት መክፈል ያስቆጫል።

ስለ ዕውቅና እንናገር። በአሜሪካ መንግሥት ራሱ ዩኒቨርሲቲዎችን አይመዝንም፤ የሚመዝኑትን ድርጅቶች ያውቃል። ተቋሙን በሙሉ ከሚመዝኑት መካከል መቀመጫው ቺካጎ የሆነው የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽንና ሚድል ስቴትስ የሚባለው ይገኛሉ። ከዚህ በላይ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱን ብቻ ለይተው የሚመዝኑ አሉ። ከነዚህ አንጋፋው በ1916 የተቋቋመው ኤኤሲኤስቢ ነው፤ በዓለም ላይ የቢዝነስ ዲግሪ ከሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የእሱን ማረጋገጫ ያገኙት ጥቂት ናቸው። ኤሲቢኤስፒ በ1988፣ አይኤሲቢኢ በ1997 ተከትለው መጥተዋል። የመጀመሪያው፣ የተቋሙ ዕውቅና፣ ከሌለ ንግግር አያስፈልገውም፤ ይተዋል። ሁለተኛው እንደ ዓላማው ይታያል። ብዙ የአሜሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መምህር ሲቀጥሩ ኤኤሲኤስቢ ካረጋገጠው ትምህርት ቤት የተገኘ ዶክትሬት ይፈልጋሉ፤ የራሱን የማማከር ድርጅት ለሚመራ ሰው ግን ይህ ያን ያህል ላያሳስበው ይችላል።

ችግሩ ዲግሪ ቸርቻሪዎችም «ዕውቅና አለን» ማለታቸው ነው። በ2004 የፔንሲልቬኒያ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ በቴክሳስ የተመሠረተ «ትሪኒቲ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ» የሚባል ነገር በኢንተርኔት ዲግሪ እንደሚሸጥ ሰምቶ ማመልከቻ አስገባ። አመልካቹ ኮልቢ ኖላን ይባላል። በማመልከቻው ላይ ጥቂት የኮሌጅ ኮርሶች መውሰዱ፣ ፈጣን ምግብ ቤት መሥራቱ፣ ሕፃናት መጠበቁና ጋዜጣ ማደሉ ተጽፏል። ተቋሙ 299 ዶላር ለሚያስከፍለው የመጀመሪያ ዲግሪ ያመለከተውን ሰው «ልምድህ ከፍ ያለ ስለሆነ 100 ዶላር ብትጨምር ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ ይገባሃል» አለው። ዲግሪው መጣ። ውጤቱን የሚያሳየው ወረቀት ለብቻው በ99 ዶላር ሲጠየቅ 3.5 አማካይ ነጥብ ተጽፎበት ደረሰ። ኮልቢ ኖላን የስድስት ዓመት ጥቁር ድመት ነበር። ዓቃቤ ሕጉ ይህንኑ ማስረጃ ይዞ ክስ መሠረተ።

ድመቱ ያስቅ ይሆናል፤ ከጀርባው ያለው ንግድ ግን ብዙ ሰው አቁስሏል። በግንቦት 2015 ኒው ዮርክ ታይምስ በካራቺ፣ ፓኪስታን የሚገኘውን አክዛክት የተባለ የሶፍትዌር ድርጅት አጋለጠ። ጋዜጣው ቢያንስ 370 የሚሆኑ ድረ ገጾችን ከድርጅቱ ጋር አገናኝቷል። ከነዚያ «ዩኒቨርሲቲዎች» መካከል «ኮለምቢያና» እና «ባርክሊ» የሚባሉ ነበሩ። ስማቸውን ጮክ ብሎ ላነበበ ሰው ዘዴው ወዲያው ይገባዋል፤ ከኮለምቢያና ከበርክሊ አንድ ሁለት ፊደል ነው የሚለያቸው። ድረ ገጾቹ ላይ የሚያማምሩ ሕንፃዎችና ፈገግ ያሉ ፕሮፌሰሮች ይታያሉ፤ ከነሱ ጀርባ ካራቺ ውስጥ ስልክ የሚያነሡ ሻጮች ነበሩ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን «ዕውቅና ሰጪ» ድርጅት ጭምር ፈጥረው ነበር። ስለዚህ «ማን ዕውቅና ሰጣችሁ?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ዕውቅና ሰጪውን ማን ያውቀዋል የሚለው መከተል አለበት። የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር በነፃ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ስሙን አስገብቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

በጀርመን የሚኖሩ አድማጮች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያውቁ ይገባል። በዚያ አገር «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ በሕግ የተጠበቀ ነው። ያልተገባን ማዕረግ መጠቀም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 132 ሀ ያስቀጣል። ከውጭ የመጣ ዲግሪ አናቢን በሚባለው የመረጃ ቋት እንዴት እንደተመዘገበ ሳያዩ በቢዝነስ ካርድ ላይ ማዕረጉን ማሳተም አደጋ አለው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የርቀት ዶክትሬት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1873 የተመሠረተውና ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምረው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዩኒሳ፣ በ2007 አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ማዕከሉን ከፍቷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራንና የመንግሥት ባለሙያዎች ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በዚህ መንገድ ይዘዋል። ቤተ መጻሕፍት በአገር ውስጥ ማግኘት፣ በአካል ሄዶ የሚጠየቅ ቢሮ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። በስክሪን ብቻ የሚያውቁት ተቋም ስልኩን ባያነሣ ተማሪው የሚሄድበት የለውም።

በአገር ውስጥ ለመቀጠርም ሆነ ለደረጃ ዕድገት የውጭ ዲግሪ የአቻ ግምት ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ወደ ባለሥልጣኑ የሚሄዱት ግን ብዙዎች ከተመረቁ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ስንት ቤት ከኪሳራ ይድን ነበር! የተቋሙን ስምና የፕሮግራሙን የማስተማሪያ ዘዴ ጽፎ፣ «ይህ ዲግሪ አቻ ይሰጠዋል?» ብሎ ከክፍያ በፊት በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍልም ተመሳሳይ ጥያቄ በጽሑፍ ሊቀርብለት ይገባል። የቃል መልስ ከአራት ዓመት በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

የውጭ ምንዛሪው ሌላው ፈተና ነው። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 20,000 ዶላር ቀሪ ክፍያ የነበረበት ተማሪ ዕዳው ከ1.1 ሚሊዮን ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነበት፤ ደመወዙ ግን ባለበት ነው። ለአራትና አምስት ዓመት በዶላር የሚከፈል ትምህርት የሚጀምር ሰው ይህን ሥጋት በበጀቱ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ሰዓቱም እንዲሁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተማሪው በፈለገበት ሰዓት የሚከታተላቸው ናቸው፤ ሌሎቹ በቀጥታ በዙም መገኘት ይጠይቃሉ። በበጋቸው ወቅት በዋሽንግተን ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ክፍል አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 9 ይሆናል። በዚያ ሰዓት መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቆም ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በየከተማው የሚኖሩ የኦንላይን ተማሪዎች ከሁሉ በፊት የተጎዱት በማስረከቢያ ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ለእንዲህ ያለ ችግር ያለ ቅጣት እረፍት ይሰጣል ወይ? ይህም በጽሑፍ ይጠየቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ያለ ዙሪያ ጥምጥም መነገር አለበት። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ ትምህርት የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ አያስገኝም። በኤፍ 1 ቪዛ ደንብ መሠረት ከሙሉ ጊዜ ጭነት ውስጥ በኦንላይን ሊቆጠር የሚችለው ቢበዛ አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ነው። የኦንላይን ዶክትሬት ከቪዛ ጋር አጣምሮ የሚሸጥ ደላላ ያጋጠመው ሰው ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አድማጮች የብድሩ ሕግ ተቀይሯል። በ2025 ሐምሌ በጸደቀው ሕግ መሠረት፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እስከ ሙሉ ወጪያቸው ድረስ ይፈቅድ የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይቆማል። ለቢዝነስ ዶክትሬት የሚገኘው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። ማስተርሱን በፌዴራል ብድር የተማረ ሰው የዚያ ዕዳ ከዚህ ጣሪያ ላይ ይቀነስበታል። በአንጻሩ ቀጣሪ ድርጅቶች በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ የሆነ የትምህርት ድጋፍ ለመስጠት ሕግ ይፈቅድላቸዋል። ብዙ ወገኖቻችን ይህ ጥቅም በሥራ ውላቸው ውስጥ እያለ አይጠይቁትም። በአራት ዓመት 21,000 ዶላር ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ሥራ አለ። የዶክትሬት ጽሑፎች አብዛኞቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ዩኒሳ የተማሪዎቹን ጽሑፎች በነፃ በሚነበብ ክምችት ያስቀምጣል፤ ዋልደንም እንዲሁ፤ ከዚያ ውጭ ፕሮኵዌስት የሚባለው ቋት ብዙ የአሜሪካ ጽሑፎችን ይዟል። ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ከዚያው ፕሮግራም የወጡ ሦስት ጽሑፎችን ያውርድ። መጀመሪያ የምስጋናውን ገጽ ያንብብ፤ ተማሪው ስለ አማካሪው ምን አለ? ስንት ዓመት እንደፈጀበት ይጠቅሳል? ቀጥሎ የአማካሪውን ስም ይመዝግብ፤ በሦስቱም ላይ አንድ ስም ቢደጋገም ያ ሰው በትክክል ተማሪ የሚያስጨርስ ነው ማለት ነው። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብበው። ሲያነብ ከሰለቸው፣ ወይም እንዲህ ያለ ጽሑፍ በስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ከሆነ፣ ያን ፕሮግራም ይተው። ካነበበው በኋላ ሌሊቱን ስለ ራሱ ጥያቄ ሲያስብ ካደረ ደግሞ ለአማካሪው ኢሜይል ይጻፍለት፤ የመመዝገቢያውን ክፍያ ከመላኩ በፊት መልሱን ይጠብቅ።